ኢኮኖሚ ሳይሆን ኦኮኖሚ

እማዬ እስካሁን ስሙን አስተካክላ ጠርታው አታውቅም። መጀመሪያ ቀን "ኦኮኖሚያኪ" ስላት ቀና ብላ አየችኝና "ኢኮኖሚ ምን?" አለች። ደገምኩላት። "እና የኑሮ ውድነት ምግብ ነው?" አለችኝ። ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን ያን ያህል አልተሳሳተችም፤ እመለስበታለሁ።

"ኦኮኖሚ" በጃፓንኛ "የወደድከው"፣ "እንዳሻህ" እንደማለት ነው። "ያኪ" ደግሞ የተጠበሰ ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ "የጃፓን ፒዛ" የሚሉት ሰዎች አሉ፤ እኔ እንደዚያ ሲባል ያናድደኛል፤ ክብ ከመሆኑ በቀር ከፒዛ ጋር የሚያገናኘው የለም። ለእኛ ሰው ለማስረዳት የሚቀለው እማዬ ራሷ ያወጣችለት ስም ነው፦ የጎመን ቂጣ። ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ይከተፋል፣ በጥቂት ዱቄትና በእንቁላል ይያያዛል፣ በጋለ ብረት ላይ ይጠበሳል። ከላይ ጣፋጭ ጥቁር ሶስ ይቀባል፣ ማዮኔዝ ይፈስበታል፣ የደቀቀ የባሕር ሣር ይነሰነስበታል። መጨረሻ ላይ ካትሱኦቡሺ የሚሉት ይመጣል። ይህ የዓሣ ቋንጣ ነው በሉት፤ በጭስ ደርቆ እንጨት የሚያህል ጠንካራ ይሆንና እንደ ወረቀት ተፍቆ ይቀርባል።

እኔ ሂሮሺማ ሁለት ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በትክክል ለመናገር የኖርኩት ዩኒቨርሲቲው ባለበት ሳይጆ ነው። ሳይጆ ሳኬ በሚሉት የሩዝ መጠጥ ጠመቃ የታወቀች ትንሽ ቦታ ናት፤ ሂሮሺማ ከተማ ለመግባት በባቡር ወደ 40 ደቂቃ ይፈጃል። በደረስኩ በሁለተኛው ሳምንት የላቦራቶሪ ልጆች ኦኮኖሚሙራ ወሰዱኝ። "የኦኮኖሚ መንደር" ማለት ነው፤ አንድ ሕንፃ ሦስት ፎቅ ሙሉ ኦኮኖሚያኪ ቤት ብቻ። እያንዳንዱ ቤት ትንሽዬ ነው። ረጅም የጋለ ብረት አለ፣ ቴፓን ይሉታል። አንተ በዚህ ወገን ትቀመጣለህ፣ አብሳይዋ በዚያ ወገን ትቆማለች፣ ምግቡ በመካከላችሁ ይሠራል። ሳህን እንኳ ላይመጣልህ ይችላል፤ ሄራ በሚሏት ትንሽ የብረት መቁረጫ ከብረቱ ላይ እየቆረስክ እያቃጠለህ ትበላለህ። ፊትህ ይሞቃል፣ ልብስህ እስከ ማግስቱ ይሸታል።

ችግሩ አሳማው ነው። ዋናው አሠራር ላይ ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ የአሳማ ሆድ ሥጋ አለ። እኛ ቤት አሳማ አይገባም፤ እኔም ሀገር ለቀቅኩ ብዬ ልጀምር አላሰብኩም። ስለዚህ አጥርቼ የተማርኩት የመጀመሪያው የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር "ቡታ ናሺ ኦኔጋይሺማስ" ነበር፤ "ያለ አሳማ ይሁንልኝ" ማለት ነው። አብሳይዋ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ነበሩ። ምንም አላሉም። በአሳማው ፈንታ ሁለተኛ እንቁላል ሰበሩልኝና ስኩዊድ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ትንሽ ጨመሩበት። (ስኩዊዱ ለእማዬ አልተነገረም፤ ይህን ጽሑፍም አታነብም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።) እኔ ትልቅ ነገር የጠየቅሁ መስሎኝ ስሸማቀቅ እሳቸው ጎመን እየቆለሉ ነበር። የምግቡ ስም "እንዳሻህ" ስለሆነ ይሆናል።

የሂሮሺማው አሠራር አነባበሮ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። ሊጡ ብቻውን እንደ ስስ ቂጣ ይፈስሳል። በላዩ የተራራ ያህል ጎመን ይከመራል፤ መጀመሪያ ስታየው "ይህ እንዴት ተደርጎ ይበላል?" ትላለህ። ከዚያ የበቀለ ማሾ፣ ቴምፑራ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ፍርፋሪ፣ ሥጋ፣ ትንሽ ሊጥ እንደ ማጣበቂያ። ከዚያ ይገለበጣል! ቂጣው ክዳን ይሆናል፣ ጎመኑ ከሥር በራሱ ላብ ይበስላል። ተራራው ቀስ እያለ ይወርዳል። ጎን ለጎን ኑድል ይጠበሳል፣ ጎመኑ ተነሥቶ በኑድሉ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ እንቁላል ብረቱ ላይ ተሰብሮ ይዘረጋል፣ ሁሉም ተነሥቶ በእንቁላሉ ላይ ይደረጋል፣ እንደገና ይገለበጣል። እኒያ እናት ይህን ሁሉ ለስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ሁለቱ ሄራዎች እጃቸው ላይ የበቀሉ ይመስሉ ነበር።

ኦሳካ ሌላ ነው። እዚያ ሁሉም ነገር ሳህን ውስጥ ተደባልቆ ነው የሚጠበሰው። ከላቦራቶሪ ጓደኞቼ አንዷ የኦሳካ ልጅ ነበረች፤ የሂሮሺማውን ስትጠራ "ሂሮሺማያኪ" ትለዋለች፣ ኦኮኖሚያኪ የሚባለው የእነሱ ብቻ እንደሆነ ሁሉ። እኔም ከእሷ ተምሬ አንድ ቀን ሂሮሺማ ውስጥ "ሂሮሺማያኪ" ብዬ አዘዝኩ። ባለቤቱ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ "እዚህ እንደዚያ የሚባል ምግብ የለም" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልደገምኩትም። ኦሳካዎች ደግሞ ኦኮኖሚያኪን ከሩዝ ጋር ይበሉታል፣ ዱቄትን በሩዝ። ሌላው ጃፓናዊ በዚህ ይስቅባቸዋል። እኔ አልሳቅሁም፤ እንጀራ ፍርፍር በእንጀራ ጠቅልሎ ያደገ ሰው ምን ብሎ ይስቃል?

አሁን ወደ ኢኮኖሚው ልመለስ። ከጦርነቱ በፊት ልጆች ከረሜላ ከሚገዙባቸው ሱቆች "ኢሰን ዮሾኩ" የሚባል ነገር ይገዙ ነበር፤ "የአንድ ሴን የፈረንጅ ምግብ" ማለት ነው። ሴን ሳንቲም ናት። ስስ ቂጣ፣ ትንሽ ሽንኩርት፣ ላዩ ላይ ጠብ የሚል የፈረንጅ ሶስ። ሶሱ ፈረንጅ ስለሆነ ምግቡም ፈረንጅ ተባለ፣ በቃ። ከዚያ በእኛ ሐምሌ 30 ቀን 1937፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ ቦምቡ ወደቀ። እስከዚያ ዓመት መጨረሻ 140,000 ገደማ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የተረፈው ሰው የሚበላው አልነበረውም፤ ሩዝ ጠፋ፣ ከአሜሪካ የሚመጣው የእርዳታ ስንዴ ዱቄት ግን ነበር። ሰው የልጆቹን ቂጣ የአዋቂ ምግብ አደረገው። ጎመን ርካሽ ስለሆነ ገባ፣ ሆድ እንዲሞላ ኑድል ገባ። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ብዙ ሴቶች የቤታቸውን የፊት ክፍል ከፍተው ብረት አስቀምጠው መሸጥ ጀመሩ። ዛሬም ሂሮሺማ ውስጥ የብዙ ቤቶች ስም የአንዲት ሴት ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ "ቻን" አለው፤ እኛ "እትዬ እገሊት ቤት" እንደምንለው። እማዬ "የኑሮ ውድነት ምግብ ነው?" ስትል ነገሩን እንደ ቀልድ ነው የመታችው።

ሶሱም ከዚያው ነው። የድሮው ሶስ ቀጭን ስለነበረ ከቂጣው ላይ እየፈሰሰ ብረቱ ላይ ይቃጠል ነበር። ኦታፉኩ የሚባለው የሂሮሺማ ድርጅት አብሳዮቹ ሲያማርሩ ሰምቶ በ1952 እ.ኤ.አ. ወፈር ያለ ሶስ አወጣ። ውስጡ ካለው ነገር አንዱ ተምር ነው። ጣፋጩ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ወር ሙሉ ስገምት ቆይቼ ነው ጀርባው ላይ በተርጓሚ አፕ ያነበብኩት።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ጠርሙስ ሶስ፣ ሦስት ከረጢት የዓሣ ፍቃፊና አንዲት ሄራ ነበሩ። ሻንጣውን የፈተሸው ሰው ሄራዋን አገላብጦ "ምን ይሠራል?" አለኝ። "ቂጣ ይቆርጣል" አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ለቀቀኝ።

ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሙከራዬ ውርደት ነበር። ኦሳካው ይቀላል ብዬ በእሱ ጀመርኩ። ዱቄት አበዛሁ፣ ምክንያቱም ሊጡ ሲታይ ጎመኑን የሚይዘው አይመስልም። ጎመኑን አጥቤ ሳላደርቅ ከተትኩ። ከሁሉም የባሰው ደግሞ መጥበሻው ላይ ሲሆን እየደጋገምኩ በመገልበጫ ጫንኩት፤ ሰው ሁሉ ለምን ይህን እንደሚያደርግ አላውቅም፣ እጅ ዝም ብሎ መቆም አይችልም። የወጣው ነገር ከላይ ያረረ፣ ከውስጥ ጥሬ ሊጥ የሆነ ድፎ ዳቦ ነበር። ያቺ የኦሳካ ልጅ አንድ ቀን ቤቷ ስትጋብዘን ልጫን ስል "ኦሳኤናይዴ!" ብላ እጄን መትታኝ ነበር። "አትጫነው!" ማለቷ ነው። ስትጫነው አየሩም እንፋሎቱም ይወጣና ይጠጥራል። ያኔ ተናግራኛለች፤ እኔ ነኝ የረሳሁት።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ለሁለት ሰው 100 ግራም ፉርኖ ዱቄት ይበቃል። አዎ፣ ትንሽ ነው፤ ዱቄቱ ማጣበቂያ ነው እንጂ ምግቡ ጎመኑ ነው። ጎመን 300 ግራም፣ እንቁላል ሁለት። ጃፓኖቹ ዱቄቱን የሚያቀጥኑት ዳሺ በሚሉት የዓሣ ቋንጣና የባሕር ሣር መረቅ ነው። እኔ የደረቀ እንጉዳይ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድርና በውኃው እለውሳለሁ፣ ከግማሽ የሻይ ብርጭቆ ትንሽ በለጥ ያለ። ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ይረፍ። ናጋኢሞ የሚባል ጥሬውን የሚፈቀፈቅ ሥር ይጨምሩበታል፤ እሱ ነው ውስጡን አረፋ የሚያደርገው። የእኛ ቦዬ ዘመዱ ነው፣ ግን ናጋኢሞ በጥሬው ይበላል፣ ከዘመዶቹ መካከል ሳይበስሉ የሚጎዱ ስላሉ እኔ አልደፈርኩም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር አድርጌ ተውኩት። ጎመኑ በደንብ ተራግፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ደርቆ፣ ከክብሪት እንጨት ብዙም ሳይወፍር ይከተፋል። ዋናው ነገር ጎመኑና እንቁላሉ የሚገቡት ልትጠብሰው ስትል ብቻ መሆኑ ነው። ቀድመህ ካደባለቅከው ጎመኑ ውኃ ይተፋል። በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እያነሣህ አየር እንዲገባው ነው የምታደባልቀው፤ አሥር ጊዜ ብታነሣው ይበቃል።

መጥበሻው መካከለኛ እሳት ላይ ይሁን፣ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ገደማ። በላዩ ሥጋውን ደርድር። እኔ በጣም የሳሳ የበሬ ሥጋ ነው የማደርገው፤ ሉካንዳው "ለምንድነው እንዲህ የሚሳሳው?" እያለ ያጉረመርማል። አምስት ደቂቃ፣ ገልብጥ፣ ክደን፣ አምስት ደቂቃ፣ እንደገና ገልብጥ። አትጫነው።

የሻንጣው ሶስ በአራት ወር አለቀ። አሁን ተምር ቀቅዬ ፈጭቼ፣ በኬቻፕና በሶያ ሶስ፣ በትንሽ አቼቶ አንተክትኬ እሠራዋለሁ። ረመዳን ሲቃረብ ተምር በየሱቁ ስለሚደረደር የዓመቱን የምገዛው ያኔ ነው። አብሮት የሚቀርበውን፣ ሮዝ መልክ ያለውን በአቼቶ የተዘፈዘፈ ዝንጅብል ደግሞ በቀይ ሥር ውኃ አቅልሜ እሠራለሁ። መልኩ ልክ ነው፣ ጣዕሙ ወደዚያው ነው። የዓሣ ፍቃፊውን የሚተካ ግን የለም። አንድ ጓደኛዬ ከጃፓን ሲመጣ ያመጣልኛል፣ እኔም እንደ ወርቅ እቆጥበዋለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የኦሳካው እጄ ገባ። ልቤ ግን ያለው ሂሮሺማ ነው። ያንን ደግሞ በ26 ሴንቲ መጥበሻ መሥራት አይቻልም፤ ቂጣው አንድ ቦታ፣ ኑድሉ ሌላ ቦታ፣ እንቁላሉ ሦስተኛ ቦታ ይፈልጋል። ሁለት መጥበሻ ይዤ ስሞክር ጎመኑ ወለል ላይ ፈሰሰ። ወለሉን እየጠረግሁ ሳለ ነው የእማዬ ምጣድ የታየኝ፤ ክብ፣ ዝርግ፣ 60 ሴንቲ የሚሆን፣ ዳር እስከ ዳር የሚግል። ቴፓን ማለት ይህ አይደለም እንዴ?

"በሕልምህም እንዳታስበው" አለች።

ልክ ናት። ያን ጊዜም አውቀዋለሁ። ሸክላ ዘይት ይጠጣል፤ ዘይት የጠጣ ምጣድ ላይ እንጀራ ዓይን አያወጣም። በጎመን ዘር አሟሽታ፣ በማሰሻ እያሰሰች ዓመት የጠበቀችውን ምጣድ ለእኔ ሶስና ማዮኔዝ አትሰጥም። ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ነዘነዝኳት። በመጨረሻ "አልጋ ሥር ያለውን ውሰድ" አለች። አዲሱ ሲገዛ ጡረታ የወጣ፣ ዳሩ ላይ የተሰነጠቀ አሮጌ ምጣድ ነበራት። "ቆሎ እቆላበታለሁ ብዬ ነበር። ግን እኔ ቤት ነው የምትሠራው፤ አንተ ቤት ወስደህ እሳት እንዳታስነሣ።"

ቅዳሜ ዕቃዬን ሁሉ ጭኜ ሄድኩ። ማሾውን ዘፍዝፌ፣ ሦስት ቀን አብቅዬ። ኑድሉ ኢንዶሚ ነው። ምጣዱ እስኪግል ቆመን ጠበቅን፣ እማዬ ውኃ ጠብ አድርጋ ጩኸቱን ሰምታ "ደርሷል" አለች። እኔ ሊጡን መሀል ላይ አፍስሼ በጭልፋው ጀርባ ለመዘርጋት ስሞክር ተቀዳደደ። አይታኝ አይታኝ አላስቻላትም፤ ጭልፋውን ነጠቀችኝ። እሷ ከዳር ጀመረች፣ ልክ እንደ እንጀራ፣ እየዞረች ወደ መሀል። ክቡ በኮምፓስ የተሰመረ ይመስል ነበር። በሂሮሺማ ሁለት ዓመት እንደዚያ የሳሳ አላየሁም፣ ማጋነንም አይደለም።

ጎመኑን ስከምር "ይህ ሁሉ?" አለች። ሥጋውን ደረደርኩ። ቀጥሎ መገልበጥ ነው፤ ሄራዬን ይዤ ዙሪያውን ስዞር እሷ ሰፌድ ይዛ መጣች። ሰፌዱን ከሥር አስገብታ ስባ አወጣችው፣ ሌላ ሰፌድ ከላይ ደፋችበት፣ ገለበጠችው፣ መልሳ ምጣዱ ላይ አንሸራተተችው። አንድ ቅጠል ጎመን አልወደቀም። ምንም ሳልላት አክንባሎውን ከደነችበት። ሂሮሺማ ላይ ክዳን አይደረግም። ግን ማን ይናገራት?

ከዚያ መብራት ሄደ።

ከመሄድ ሌላ ቀን አጥቶ! እኔ ተስፋ ቆርጬ ቁጭ አልኩ። እማዬ አክንባሎውን እንዳልነካ በዓይኗ ከለከለችኝና ከሰል ልታያይዝ ወጣች። ኑድሉና እንቁላሉ ከሰል ምድጃ ላይ በብረት ምጣድ ተሠሩ። ሸክላው ግን ሙቀቱን ይዞ ስለነበር ጎመኑ ሩብ ሰዓት በገዛ እንፋሎቱ ተቀምጦ፣ ከፍተን ስናየው ተራራው ወርዶ ለስልሶ ጣፍጧል። ማንም አልተጫነውም።

በሻማ ነው የበላነው። ሶሱን ቀብቼ የዓሣ ፍቃፊውን በትኜ ሳቀርብ ፍቃፊው በእንፋሎቱ መወዛወዝ ጀመረ። ስስ ስለሆነ እርጥበቱ ሲነካው ይተጣጠፋል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። እማዬ ግን እጇን ሰብስባ "በስመ አብ! ይህ ነገር ነፍስ አለው እንዴ?" አለች። እስኪረጋ ጠበቀችው። ከዚያ በእጇ ቆረሰች፤ ሄራውን "መሐንዲስ አይደለሁም" ብላ ገፋችው። አኘከች። ዝም አለች። "ሚጥሚጣ አምጣ" አለች። ሶሱ ላይ ሚጥሚጣ ነሰነሰችና ሁለተኛ ጊዜ አነሣች። እኔም ሞከርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ሚጥሚጣ አልበላሁም፤ የሂሮሺማዋ እናት ቢያዩኝ የሚከፋቸው አይመስለኝም።

የጾሙም አለ። እንቁላሉ ይቀራል፣ ከዱቄቱ ሲሶው የሽምብራ ዱቄት ይሆናል፤ ሽምብራ ጥሩ አድርጎ ያያይዛል። ጃፓን ውስጥም የቡድሃ መነኮሳት ሥጋና ዓሣ ሳይነኩ መረቃቸውን ከእንጉዳይና ከባሕር ሣር ስለሚያወጡ፣ የእኔ የእንጉዳይ ውኃ ያለ ሥርዓት የመጣ አይደለም። ይህን ለእማዬ ሳስረዳት "መነኮሳትማ ካደረጉት" ብላ ነበር ያለፈችው።

ባለፈው ረቡዕ ቢሮ ሳለሁ ደወለች። ከኋላዋ የሴቶች ሳቅ ይሰማል፤ ለቡና የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ናቸው።

"ያ የጎመን ቂጣ፣ የጾሙ፣ ሽምብራው ስንት ነበር ያልከኝ?"

"ሠላሳ ግራም፣ እማዬ። ፉርኖው ሰባ..."

"ግራም እያልክ አታድርቀኝ፣ ምጣዱ ግሏል። በጭልፋ ንገረኝ።"

ስልኩን ትከሻዬ ላይ አጣብቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጭልፋዋ ስንት እንደምትይዝ ማሰብ ጀመርኩ።